መቶ ሃያ በሰማንያ

ዌኒንግ ምንም አልሰማችም።

የደም ግፊት መለኪያው ቀስት እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል፤ መቶ ስልሳ፣ መቶ አርባ፣ መቶ ሃያ። ማዳመጫውን በሂጃቧ ላይ ደርባ ጆሮዋ ላይ አጥብቃዋለች። የሚሰማት ግን የጨርቅ ኮሽታ ብቻ ነው። ለልምምዱ በሽተኛ ሆና አልጋው ላይ የተኛችው ጓደኛዋ ቲቲስ፣ ክንዷ እንደታሰረ ጣራ ጣራውን እያየች ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ «በይ እንጂ!»

«መቶ ሃያ በሰማንያ» አለች ዌኒንግ።

«መቶ ሃያ በሰማንያ!» አሉ ከኋላዋ የቆሙት የልምምድ መምህሯ ቡ ሐርጃንቲ። «እዚያ ማዶ ያለችውም መቶ ሃያ በሰማንያ። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅም እንደዚሁ። የዚህ ክፍል ጤና መቼም ያስቀናል! ግፊት ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ያመጣችሁብኝ እናንተው ናችሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። መምህሯ ግን አልሳቁም።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ሙቀት፣ ትርታ፣ ትንፋሽ፣ ግፊት። አራቱን ለክቶ ቁጥር መጥራት ማንም ይችላል። የእናንተ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው አልቦታል? ፊቱ ገርጥቷል? ቁጥሩና ሰውየው ካልተስማሙ የቱን ታምናላችሁ?»

«ሰውየውን!»

«ከአቅማችሁ በላይ ሲሆንስ?»

«ቶሎ ለሚችል እናስተላልፋለን!»

«ካልሰማችሁስ?»

«አልሰማሁም እንላለን!»

ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የጮኹት። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንድም ተማሪ «አልሰማሁም» ብሎ አያውቅም። ዌኒንግም የረዳት ነርሶች ትምህርት ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም ዓመት ያለፈችው በመቶ ሃያ በሰማንያ ነው።

ሲለቀቁ ሁለቱ ጓደኛሞች መለኪያውን በከረጢት ይዘው ወጡ። የተግባር ፈተናው ስለደረሰ ትምህርት ቤቱ በየተራ ወደ ቤት እንዲወስዱት ያውሳቸዋል፤ የዛሬው ተራ የዌኒንግ ነው። ቲቲስ በላስቲክ የታሰረ በረዷማ ሻይዋን በስትሮ እየማገች ትሄዳለች።

«ቲቲስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ ይሰማሻል?»

ቲቲስ ስትሮውን ከአፏ አወጣችና የዌኒንግን ፊት አየች። ፊቷ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ፊት ነበር።

«አታካብጂ ባክሽ! ማን ይሰማዋል? ሁሉም እየገመተ ነው። እርስ በርሳችን እኮ ነው የምንለካካው። ጎረምሳና ኮረዳ ሁሉ መቶ ሃያ በሰማንያ ነው። ማን ይሞታል?»

ዌኒንግ ትልቅ ሸክም የወረደላት መሰላት። እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። እስከ ቤቷ ድረስ እያፏጨች ሄደች።

*

አባቷ ሳርዊዲ ባክሶ ሻጭ ነው። የሥጋ ድብልብል የሚንተከተክበትን ሾርባ በጋሪ እየገፋ በየጉራንጉሩ ይዞራል። አይጮህም፤ የጋሪው እጀታ ላይ ያሰራትን ውስጧ ባዶ የሆነ እንጨት በዘንግ ይመታታል። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። የሰፈሩ ልጆች ሳህን ይዘው የሚወጡት ይህን ሰምተው ነው። ዌኒንግ ደግሞ ከሁለት መንደር ማዶ ሲመጣ ትለየዋለች። የሌላ ሻጭ እንጨት ከሆነ ቀና እንኳ አትልም።

ያን ዕለት ግን ዝናብ እየጣለ ጋሪው ሳይንኳኳ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሾርባው ገና ከግማሽ በላይ ነበር።

«ምነው በጊዜ?» አለች እናቷ ሙርኒ።

«ነፋስ ገባብኝ መሰለኝ።» ደረቱን በመዳፉ እያሸ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ጋ ሰው የተቀመጠበት ነው የሚመስለው። ትከሻዬም አብሮ ያዘኝ።»

የአባቷ ታላቅ እህት ቡዴ ካርሲ ከማጀት ወጡ። ለበሽታ ስም በመስጠት የሚቀድማቸው የለም። «ድሮስ! በባዶ ሆድ ዝናብ ለዝናብ ስትዞር ነፋስ አይግባብህ? ሙርኒ፣ ሳንቲሟን አምጪ።»

ሳንቲሟ ከመገበያያነት ድሮ የቀረች፣ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የምትቀመጥ ናት። ጀርባን ዘይት ቀብቶ በእሷ መፋቅ ነው፤ መስመሩ በጠቆረ ቁጥር የገባው ነፋስ ብዙ ነው ይባላል። ዌኒንግም ትኩሳት በያዛት ቁጥር በዚያች ሳንቲም ተፍቃ ያደገች ናት።

ጎረቤታቸው ፓክ ቱኪራን ባክሶ ሊገዙ ሳህን ይዘው መጥተው ነበር። ሳርዊዲን ሲያዩት ሳህናቸውን አስቀመጡ። «መልኩ ደስ አይልም እኮ። ሞተሬ ደጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ላድርሰው?» ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«በዚህ ዝናብ?» አሉ ቡዴ ካርሲ። «ቤታችን ውስጥ ነርስ ተቀምጣ ምን ያንከራትተናል? ዌኒንግ! ያንን ነገር አምጪው።»

ዌኒንግ ክው አለች። «ኧረ እኔ ገና ተማሪ ነኝ ቡዴ።»

አባቷ ፈገግ አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ነይ እስቲ ንዱክ፣ የኔ ልጅ። ደንበኞቼ ሁሉ ያውቁሻል፤ ልጄ ነርስ ናት ብዬ አውርቼ ጨርሻለሁ። አታሳፍሪኝ።»

አጠገቡ ተንበረከከች። አስቀድማ ሁለት ጣቷን አንጓው ላይ አደረገች። እጁ ቀዝቅዟል፤ ላቡ እንደ ውሃ ነው። ትርታው ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ እንደገና ይሮጣል። ጣቶቿ ይህን ሁሉ ነገሯት። የቡ ሐርጃንቲ ጥያቄ እንኳ ትዝ ብሏታል፤ «ሰውየው አልቦታል? ፊቱ ገርጥቷል?» አልቦታል። ገርጥቷል።

መጠቅለያውን ክንዱ ላይ አሰረች። ፓክ ቱኪራን ስላሉ ሂጃቧን አላወለቀችም፤ ማዳመጫውን እንደ ሁልጊዜው በላዩ ላይ ደረበች። መንፊያውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገችና ቀስቱን ለቀቀችው። ኮሽታ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ። ኮሽታ። ቀስቱ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ተቀመጠ።

ቀና ስትል ሁሉም እሷን ያያሉ። እናቷ ሳንቲሟን እንደያዘች ትንፋሿን ውጣለች። የፓክ ቱኪራን ቁልፍ ጣታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አባቷ ደግሞ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ፣ ሰርግ ላይ እንደተቀመጠ ሰው በኩራት ያያታል። አልሰማሁም ማለት ነበረባት። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሰለጠነ ምላሷ ቀደማት።

«መቶ ሃያ በሰማንያ።»

«ጥሩ ነው?» አለች እናቷ።

«ጥሩ ነው።»

«አልሃምዱሊላህ! አላልኳችሁም?» አሉ ቡዴ ካርሲ። «እንደ ልጅ ግፊት እኮ ነው!»

ፓክ ቱኪራን ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

እናቷ ሸሚዙን አስወልቃ ጀርባውን ፋቀች። መስመሮቹ ወዲያው ጠቆሩ፤ ሰማያዊ እስኪመስሉ ድረስ። «እይ፣ እይ፣ የነፋሱን ብዛት!» አለች፤ ደስ ብሏታል፤ ወጣለት ማለት ነውና። እሱም «አዎ፣ ቀለል አለኝ» አለ። «ለነርሷ ባክሶ ቅጂላት። ሥጋውን አብዢው። ከእሷ ገንዘብ አንቀበልም!» ፓክ ቱኪራን ሳቁ። ከዚያ ሳርዊዲ ግድግዳው ሥር ጋደም አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ዌኒንግ የተቀዳላትን በላች። እንዲያውም ጣፍጧት ነበር። በኋላ በኋላ ራሷን ይቅር ለማለት ያቃታት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ጀምበር ስትጠልቅ የመስጊዱ ጥሪ ተሰማ። «አባትሽን ለሰላት ቀስቅሺው» አለች እናቷ ከማጀት። ዌኒንግ ሄዳ ጠራችው። ነቀነቀችው። ሁለት ጣቷን አንጓው ላይ አደረገች። ከዚያ አንገቱ ላይ። ከዚያ እንደገና አንጓው ላይ። ለዚህ ማዳመጫ አያስፈልግም ነበር።

*

ለሰባት ቀን ጎረቤቱ በየምሽቱ እየመጣ ጸሎት አደረሰ። ዌኒንግ ሻይና የተቀቀለ ኦቾሎኒ ታቀርባለች። ሴቶቹ እናቷን ከበው «እንዴት ሆነ? ምን ነካው?» ይላሉ፤ እናቷም ለመጣው ሁሉ ያንኑ ትመልሳለች።

«ቸል አላልነውም። ዌኒንግ እንኳ ለክታው ነበር። መቶ ሃያ በሰማንያ! ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ ምን ይባላል? ያልተደረገለት ነገር የለም።»

«ተቀማጩ ነፋስ ነው» ይላሉ ቡዴ ካርሲ። «ያኛው ነፋስ ገብቶ ይወጣል። ይሄኛው ግን ደረት ላይ ከተቀመጠ ሐኪምም አያስነሳው።»

ሴቶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ለክታው ነበር አይደል? ተባረኪ ልጄ። አባትሽ በአንቺ ኮርቶ ነው የሄደው።»

ማንም አልወቀሳትም። ቢወቅሷት ይሻላት ነበር። ያ ቁጥር ከሻዩ ጋር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ሰው ሁሉ እየተጽናናበት ውሏል። እናቷ የምትተኛው እሱን ተንተርሳ ነው። ዌኒንግ ግን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጆሮዋን ትይዛለች። ከሩቅ የሌላ ሻጭ እንጨት ቶክ ቶክ ሲል የእሱ እንዳልሆነ እያወቀች ቀና ትላለች።

በሰባተኛው ቀን ቲቲስ መጣች። ጓሮ ወስዳ እጇን ያዘቻት።

«ፈተናውን በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻሽ እንድትፈተኚ ቡ ሐርጃንቲ ፈቅደዋል።»

«አልመጣም።»

«ለምን?»

«አባዬን አልሰማሁትም ነበር፣ ቲቲስ። ገምቼ ነው።»

ቲቲስ እጇን ቀስ ብላ ለቀቀች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ዌኒንግ… እኔ ይሰማኛል። ሁሌም ይሰማኛል። ሁሉም ይሰማዋል መሰለኝ። ያን ቀን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ዌኒንግ አላለቀሰችም። እንባዋ ቀድሞ አልቋል። የውሃ ጉድጓዱን ግንብ ተደግፋ ቆመች።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ቲቲስ እያለቀሰች። «እናትሽ አትችለውም። በቃ፣ ሆድ ይፍጀው።»

*

ሰው ከተበተነ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን ከሰዓት እናቷ የራሷን ማጅራት እያሸች ከማጀት ወጣች። እንቅልፍ ከራቃት ሰንብቷል። በአንድ እጇ ዘይቱን፣ በሌላው ሳንቲሟን ይዛለች።

«ከብዶኛል ልጄ። ነፋስ ሳይሆን አይቀርም። ፋቂኝ እስቲ።» ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ለኪኝ። አባትሽን እንደለካሽው። ልቤ ይረፍልኝ።»

መለኪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤቱም በሐዘን ቤት ነው ብሎ አልጠየቀም። ዌኒንግ ልትነካው አልፈለገችም። «እማ፣ ይቅርብሽ» አለች። እናቷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘርግታ ትጠብቃለች።

ዌኒንግ ገላዋን ታጥባ መውጣቷ ነው። ቤቱ ውስጥ ከእናቷ በቀር ማንም ስለሌለ ፀጉሯ እንደረጠበ ወደኋላ ተለቋል። መጠቅለያውን አሰረች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ አደረገች፤ ቀዝቃዛው ጎማ ገላዋን ሲነካ ደነገጠች። እስከዛሬ ነክቷት አያውቅም። ነፋችና ለቀቀችው።

ቶክ።

እጇ ቆመ። ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ። ጥርት ያለ፣ ቅርብ፣ አባቷ ከጉራንጉሩ ብቅ ሲል እንደሚያንኳኳው። ቀስቱ መቶ ሰማንያ ላይ ነበር። ድምፁ እየተከተለ ወረደ፤ መቶ አሥር ላይ ጠፋ።

አላመነችም። አስተንፍሳ፣ ትንሽ ቆይታ፣ በሌላኛው ክንድ ለካች። ያው ነው። ጆሮዋ ደህና ነው። ሁልጊዜም ደህና ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ በመሐል የነበረው ጨርቅ ነው፤ ወንዶች ባሉበት ከፍ ለማድረግ ያፈረችው አንድ ጠርዝ። ሌሎቹ ልጃገረዶች ማዳመጫውን ከሂጃባቸው ሥር ሹልክ አድርገው ያስገቡት እንደነበር አሁን ገባት። ከጨርቅ ሥር የሚደረገውን ማን ያያል? እሷም አላየችም፤ አልጠየቀችም። ለአባቷም አንዲት ጠርዝ ነበረች የምትበቃው። እንዲያውም እሷም አታስፈልግም ነበር። ጣቶቿ አውቀው ነበር።

ጩኺ ጩኺ አላት። አልጮኸችም።

«ስንት ነው?» አለች እናቷ ዓይኗን ጨፍና። «እንደ አባትሽ ነው?»

ቁጥሩን ብቻ መናገር ትችላለች። እናቷ ትታከማለች፤ ያኛው ደግሞ እንደተቀበረ ይቀራል። ቲቲስ እንዳለችው ሆድ ይፈጀዋል። እናቷም ተንተርሳው መተኛቷን ትቀጥላለች።

ዌኒንግ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር ነው። በጣም ከፍ ብሏል። ይሄ በሳንቲም አይሆንም እማ፤ ጤና ጣቢያ መሄድ አለብን።» ማዳመጫውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። «የአባዬን አላውቀውም። አልሰማሁም ነበር። ምንም ሳልሰማ ነው የተናገርኩት።»

እናቷ ዓይኗን ገለጠች። ጓሮ ዶሮ ጮኸ። ሳንቲሟ ከመዳፏ አምልጣ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

«ቱኪራን ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ሆኖ።

«አዎ።»

«ያን ሁሉ ቀን ስናገር… ለሰው ሁሉ ስናገር… ሻይ እያቀረብሽ ትሰሚኝ ነበር።»

«አዎ እማ።»

እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ባሏ ወደ ጋደመበት ግድግዳ። ዌኒንግ ብትመታኝ ብላ ጠበቀች፤ ብታለቅስ፣ ብትራገም። ምንም የለም። ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ጀርባ ምንም ሳንቲም አያቀለውም።

ዌኒንግ ተነሳች። ሂጃቧን አደረገችና ወጣች። ፓክ ቱኪራን ደጃፋቸው ላይ የሞተራቸውን ሰንሰለት ዘይት ይቀባሉ።

«ቁልፉን ያምጡልኝ» አለች። «እማን ጤና ጣቢያ ያድርሱልኝ።»

«ምነው? እሷንም ነፋስ ገባባት?»

«ነፋስ አይደለም። ለክቻታለሁ። ዛሬ ሰምቻለሁ።»

ፓክ ቱኪራን ቀና ብለው አዩዋት። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ቁልፉን ሊያመጡ ገቡ።

ሞተሩ እየተንደቀደቀ ደጃፍ ሲደርስ እናቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አድርጋለች፤ ሻሿን አስራለች። መጠቅለያው ግን ክንዷ ላይ እንደታሰረ ነው፤ የጎማው ቱቦ ቀሚሷ ላይ ተንጠልጥሏል። ዌኒንግ ፊቷ ተንበርክካ ልትፈታላት እጇን ዘረጋች። እናቷ ክንዷን አልሰበሰበችም። ወደ እሷም አላየችም። ሁለቱም ቱቦውን እያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ዌኒንግ ቀስ ብላ መፍታት ጀመረች።